ሁለት ክኒንና ሦስት ሽማግሌ

እኛ ሰዎች መሐል እንወዳለን። መቼም ልብ ብላችሁት ይሆናል። ሁለት ሰው ሲጣላ ማን ልክ ነው ብሎ መጠየቅ ለእኛ ነገር ማክረር ነው፤ የሚያምርብን ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ጥፋተኛ አድርጎ መሐል ላይ ማገናኘት ነው። ጅቡቲ ከተማ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ግቢ አንዱ ተከራይ የግቢው በር ተዘግቶ ይዋል፣ ፍየል እየገባ አስቸገረን ሲል፣ ሌላው ደግሞ በዚህ ሙቀት ነፋስ ካልገባ እንሞታለን ይከፈት አለ። ሽማግሌዎች ተቀምጠን በሩ ገርበብ እንዲል ወሰንን። ነፋሱም አልገባ፣ ፍየሎቹም አልቀሩ። ሁለቱ ሰዎች ግን ተሳሳሙ፤ ከዚያ ወዲህ የበሩን ነገር ያነሳ የለም።

ይህ ጥበባችን ለበር ይሠራል፤ ለባልና ሚስት ኩርፊያ ይሠራል፤ በአንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ለሚጣሉ ሴቶችም ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሐኪም ማዘዣ ይሠራ እንደሆነ ግን የሞከረው ያለ አይመስለኝም። ከእኛ በስተቀር።

እኔ ወደብ አጠገብ በአንድ የትራንዚት ቤት የዕቃ ወረቀት ሳገላብጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፈረንሳይኛዬም የኮንቴይነር ፈረንሳይኛ ነው። ስለ ክብደት፣ ስለ ማሸጊያ፣ በመንገድ ስለተሰበረ ዕቃ ከሆነ ከማንም ጋር እከራከራለሁ፤ ስለ ሰው አካል ሲሆን ግን ቃላቱ ይከዱኛል። ያም ሆኖ በሰፈራችን ያለ የአበሻ ልጅ ሁሉ ከሐኪም ቤት ወረቀት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ያንብቡልኝ።» አነባለሁ። ያልገባኝንም ጭምር አነባለሁ። እንዳትፈርዱብኝ፤ እናንተም በዚህ ዕድሜያችሁ በሰው ፊት አልገባኝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

በግቢያችን ጥግ ካለችው ክፍል ትርሲት የምትባል ልጅ ከባሏ ከሙሉጌታ ጋር ትኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ፈረንጆች ወደሚበዙበት ሰፈር ወደ ሄሮን ሄዳ ለአንዲት ፈረንሳዊት ማዳም ምግብ ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ሙሉጌታ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያኔ አዲሱ ባቡር ገና አልተዘረጋምና ከዚህ ወደብ ወደ አገር ቤት የሚሄደውን ጭነት ሁሉ የሚያመላልሱት እነሱ ነበሩ፤ በአሥር፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በአቧራ ተለውሶ ብቅ ይላል፣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ይሄዳል። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ ግን የለም።

የልጅ ነገር መቼም የጎረቤት ጉዳይ ነው። የግቢው ሴት ሁሉ ምክር ነበረው። አንዷ ከሄሮን ስትመለሺ በእግር መሄዱን ተይ አለቻት፤ ሌላዋ በእግር ካልሄድሽ እንዴት ሆኖ አለች። አንዷ ወፍረሻል፣ ሌላዋ የበላሽው አይታይም። ትርሲት ሁሉንም እሺ ትላለች። የወር አበባዋ በሦስት፣ በአራት ወር አንዴ ሲመጣ፣ ሲቀር ደግሞ ተስፋ አድርጋ፣ ሲመጣ አልቅሳ፣ ይህን ሁሉ የምታውቀው ባለቤቴ አስካለ ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከመስኮቷ ሥር መስተዋት ይዛ አገጯ ላይ የምትበቅለውን ፀጉር በወረንጦ ስትነቅል ግን እኔም አይቻታለሁ። ስታየኝ መስተዋቱን ትደፋለች፣ እኔም ሰማይ አያለሁ። ጅቡቲ ሰማይ ላይ የሚታይ ደመና እንኳ የለም።

በመጨረሻ ማዳሟ ናት ሐኪም ጋ የላከቻት። አስተርጓሚ ያስፈልጋል ተባለና እኔ ተጠራሁ። የሴቶች ሐኪም ጋ። እምቢ እንዳልል ልጅቷ አሳዘነችኝ፤ እሺ እንዳልል ሐምሳ ዓመት አልፎኛል። መሐሉን አገኘሁት፦ አስካለ ከትርሲት ጋር ገብታ ትቀመጣለች፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስተረጉማለሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ምን እንደነበር ግን አልነግራችሁም።

ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ረጅም ስም ጠራ። ሲያብራራው፣ የትርሲት የእንቁላል ማምረቻ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች አሉበት፤ እንቁላሎቹ ይጀመራሉ እንጂ አንዱም ደርሶ አይወጣም። ሴት ሁሉ ጥቂት የወንድ ሆርሞን አላት፤ የትርሲት በዝቷል፤ የአገጩም ፀጉር፣ የወር አበባው መዛባትም ከዚያ ነው። ሰውነቷ ደግሞ ስኳርን ለሚያስተካክለው ሆርሞን አልታዘዝ ስላለ ነገሩ ይባባሳል። ብዙ ሴቶች አለባቸው፣ የሚታከም ነው አለ። ትርሲት ከመጋረጃው ጀርባ «የሚታከም ነው ያለው?» ብላ ሁለቴ አስደገመችኝ። በሦስተኛው ሳልጠየቅ ራሴ ደገምኩላት።

ከዚያ መድኃኒቱን አዘዘ፤ አንደኛው ሜትፎርሚን።

ደነገጥኩ። ሜትፎርሚን ስንት ዓመት ሙሉ ቁርስና እራት ላይ የምውጠው የእኔው የስኳር መድኃኒት ነው። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የእኔ ነው» አልኩ ወደ ግድግዳው። ሐኪሙ ሳቀና «እርስዎ እንዲወልዱ ያዘዘ የለም፤ አይሥጉ» አለኝ። ይህን አልተረጎምኩትም።

ሁለተኛውን ሴቶቹ እኔ አፌን ሳልከፍት አወቁት። ማሸጊያውን ሲያሳያቸው አስካለ «ይሄማ የወሊድ መከላከያ አይደለም እንዴ?» አለች። ጠየቅሁት። አዎን አለ፤ ለሌላ ሴት ከሆነ መከላከያ ነው፤ ለትርሲት ግን አሁን ሥራው ሌላ ነው፤ የበዛውን ሆርሞን ያበርዳል፣ የወር አበባዋን መልክ ያስይዛል። ስድስት ወር ሁለቱን አንድ ላይ ትወስዳለች፤ ከዚያ ይሄኛው ይቆምና እንቁላል የሚያደርስ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ልጅ ይመጣል ብሎ አልማለም፤ ጥሩ ተስፋ አለ ነው ያለው። ስንወጣ ደግሞ ጣቱን ቀስሮ «ሁለቱንም» አለ፤ «አንዱን ብቻ ብትወስድ ግማሽ ሕክምና ነው።» ይህን በሚገባ ተረጎምኩ። ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛል፣ ማመካኛ የለኝም።

መንገድ ላይ ትርሲት «ጋሼ፣ ለሙሌ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ብነግረው የሴት ወሬ ይመስለዋል» አለችኝ። ደስ እያለኝ እሺ አልኩ። ሙሉጌታ ሲመጣ በግቢው ጥላ ሥር አስቀምጬ ከረጢቶቹን ነገርኩት፣ ሆርሞኑን ነገርኩት፣ አንደኛው መድኃኒት የእኔው መሆኑንም ነገርኩትና ሁለታችንም ሳቅን። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን ያቺ ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች። አራት ዓመት ልጅ የጠበቀ ሰው ዓይኔን እያየኝ «ሚስትህ የወሊድ መከላከያ ትወስዳለች» እንዴት ይባላል? «ያኛው ደግሞ የሚያስተካክል ነው» አልኩት። ምኑን እንደሚያስተካክል አልጠየቀኝም። እኔም አመሰገንኩት፤ በልቤ።

ይሉኝታ መልካም ነገር ነው ይላሉ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ እፈራዋለሁ።

በሚቀጥለው ምልልሱ ሙሉጌታ ጥፍር መቁረጫ ሲፈልግ የትርሲትን ቦርሳ ይከፍታል። ማሸጊያውን ያገኘዋል። አዲስ አበባ ያለች ታላቅ እህቱ አምስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ የምትውጠውን አሳምሮ ያውቃል፤ ፈረንሳይኛ ማንበብ አላስፈለገውም። ትርሲት ከሄሮን ስትመለስ ክፍሉ ውስጥ ጓዙን ሰብስቦ ቆሞ አገኘችው። «አራት ዓመት ሙሉ» አላት፤ «አራት ዓመት ሙሉ እኔ እግዜርን ስለምን አንቺ እዚህ ትከላከያለሽ?» ጋሼን ጠይቃቸው አለችው። ጋሼማ የሚያስተካክል ነው ነበር ያሉት አላት። ይኸው አንቺ እሳቸውንም አታለሻል። ልጅቷ የተናገረችው እውነት ሁሉ በእኔ ግማሽ እውነት ላይ እየተደናቀፈ ወደቀ። ሙሉጌታ ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ካልሆነ የአሁኑ መሄዴ መሄዴ ነው አለ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ነን። አንደኛው ማዕከላዊ ገበያ ሽሮና በርበሬ የሚሸጠው ጋሽ ደምሴ ነው፤ ቤቱ ከእኛ ግቢ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ሁለተኛው በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ የቀረው ሻምበል ጌጡ፣ ሦስተኛው እኔ። ዓርብ ረፋድ ላይ ጀመርን።

መቼም ሦስት ሽማግሎች ስለ ሴት ልጅ ሆርሞን ሲነጋገሩ ሰምታችሁ አታውቁም፤ አልቀረባችሁም። ሻምበል ሁለት መድኃኒት ባንድ ጊዜ መውሰድ ማለት ሁለት አዛዥ ለአንድ ጦር ነው አለ። ጋሽ ደምሴ ቆይ የስኳሩን ብቻ ብትወስድ ምን ትሆናለች ብሎ እኔን ጠየቀኝ። «ሐኪሙ ሁለቱንም ነው ያዘዘው» አልኩ። ድምፄ ግን ለእኔም በደንብ አልተሰማኝም። መከላከያ መሆኑን ታውቅ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝ እናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። ትርሲት ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተቀምጣ እኔን ብቻ ታያለች። እኔ ደግሞ ሰማዩን።

ነገሩ እየረዘመ፣ ቀኑ እየጋለ ሄደ። ከቀትር በኋላ ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ከተማ መግባት ሲጀምሩ ሻምበል ሰዓቱን አየ። የጅቡቲን ኑሮ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያ ጥሩምባ ከተሰማ በኋላ የሚቀጥል ስብሰባ የለም። ጋሽ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገና መሐሉን አመጣው። እሱ አንዱንም አትውሰድ ይላል፤ እሷ ሁለቱንም ልውሰድ ትላለች። እንግዲህ የስኳሩን ትውሰድ፣ መከላከያውን ትተው። እሱም በበኩሉ ስድስት ወር የመለያየት ወሬ እንዳያነሳ። ሁለታችሁም ከየራሳችሁ ቆረሳችሁ ማለት ነው።

ምን ላድርግ፣ አማረኝ። እንዲህ ያለ ፍርድ ስሰማ ልቤ ይቀልጣል። ሐኪሙ የቀሰረው ጣት ለአንድ አፍታ ትዝ አለኝና መልሶ ጠፋ። ሙሉጌታ የጋሽ ደምሴን ጉልበት ሳመ። ትርሲት «እሺ» አለች፤ ለጎረቤት ምክር ሁሉ እሺ በምትልበት ድምፅ። መረቅን፣ ተነሣን። ሻምበል ከበሩ ሲወጣ ይሮጥ ነበር።

የእኔ ጣጣ የተጀመረው በማግስቱ ቁርስ ላይ ነው። አስካለ እንደ ሁልጊዜው ክኒኔን በውሃ ብርጭቆ ጎን አስቀመጠችልኝ። (መድኃኒቴን ራሴ አንስቼ አላውቅም፤ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ብትጠይቁኝ ከአስካለ ጠይቁ ነው የምላችሁ።) ያችን ነጭ ክኒን ሳይ ትርሲት መጣችብኝ። እሷም ይህን ሰዓት ይህንኑ ትውጣለች፤ ጓደኛውን ግን እኔ ነጠቅኋት። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። ልጅቷ ያላት ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ በስድስት ወሩ ሰውነቷ ካልተስተካከለ ሙሉጌታ ይሄዳል፤ ሙሉጌታ የሄደ እንደሆነ ጥፋቱ የእሷም የእሱም አይደለም፤ የአንድ የትራንዚት ሠራተኛ ነው። ለአስካለ ስነግራት «ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት እንዲህ ትጨክናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አራት ወር ቻልኩ። በአምስተኛው ሙሉጌታ ሲመጣ ነፋስ እንቀበል ብዬ ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር ይዤው ሄድኩና ተናዘዝኩ። መከላከያ መሆኑን አውቅ ነበር አልኩት። ሐኪሙ ሁለቱንም ብሎ ነበር። አፈርኩ፣ ዋሸሁህ፤ ሽምግልናው ላይ ደግሞ ዝም አልኩ። ከፈለግህ ስደበኝ፤ ግን ነገ ሄደህ ያንን ክኒን ግዛላት።

ሙሉጌታ እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በሽምግልናው ማግስት ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

«ድሬዳዋ ያደገች ነርስ አለች። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ሁሉንም ነገረችኝ።»

«ያችንም ቃል?»

«ያችንም ቃል» አለ። «ምንም አላፈረችም።»

ነርሷ እኔ ያስተረጎምኩ ዕለትም እዚያው ነበረች፤ ከክፍሉ በር ላይ። እኔ ግድግዳውን ሳይ አላየኋትም። እናም ትርሲት ከሽምግልናው ማግስት ጀምሮ ሁለቱንም ክኒን ስትወስድ ነበር፤ አንድም ቀን አላቋረጠች። ባሏ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቅርታ ጠይቋታል፤ ወረንጦውን እንኳ አዲስ ከአዲስ አበባ አምጥቶላታል። ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም አልኩ። ሙሉጌታ መሬት መሬት እያየ፣ «ሽማግሌ ረገጡ እንዳይባል ነዋ። ጋሽ ደምሴ በግድግዳው ማዶ ነው ያለው። እርስዎንም ማሳፈር ከበደን» አለኝ።

ይሉኝታ ነው እንግዲህ። የእኔው ይሉኝታ ዞሮ መጣብኝ።

«ክኒኑስ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እርስዎ ቤት።»

አስካለ ባዶ የሜትፎርሚን ሣጥን ውስጥ ከእኔ መድኃኒት ጎን ታስቀምጠው ነበር። መድኃኒቱን ራሱ የማያነሳ ባል ካለበት ቤት የበለጠ መደበቂያ ከተማው ውስጥ አልነበረም። በከተማው ሙሉ በሽምግልናችን የሚያምኑት ደምሴና ሻምበል ብቻ ነበሩ፤ አራት ወር ሙሉ ሲያለቅስለት የኖረው ደግሞ እኔ። ቤት ስገባ አስካለን አየኋት። «አሁን ትበላለህ?» አለችኝ።

ስድስት ወሩ አለቀ፤ ያኛው ክኒን ቆመ፤ ሦስተኛው መድኃኒት ተጨመረ። መጀመሪያው ወር አልሆነም፤ ሁለተኛውም። ትርሲት ያኔ ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም፤ ግቢውም ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልቆበት ዝም አለ። በአራተኛው ሆነ። የተወለደችው ሴት ናት፤ ማኅሌት አሏት። ክርስትናዋ ዕለት ጋሽ ደምሴ ብርጭቆ ይዞ ተነሣና፣ ይህች ልጅ የሽምግልና ፍሬ ናት፣ ሐኪም ሁለት ባለበት እኛ አንድ አልን፣ ይኸው አለ። ሰው አጨበጨበ። ሙሉጌታ አጨበጨበ፣ ትርሲት አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ክፋት አለው ብዬ።

ክፋቱን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማዕከላዊ ገበያ ሽሮ ልገዛ ስሄድ አገኘሁት። ጋሽ ደምሴ ዓይኑ ቀልቷል፣ ራሱን በሻሽ አስሯል። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ሐኪም ለደም ግፊቱ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ እንዳዘዘለት ነገረኝ። «እኔ ግን አንዱን ተውኩት» አለ በኩራት፤ «በራሳችን ፍርድ መሠረት።»

ሽሮውን ሳልይዝ ቤት ሮጥኩ። አስካለ ጨርሳ ሳትሰማኝ «ሽማግሌ ላክበት» አለች። ማንን? ሻምበል ያው ነው፤ እኔም ያው ነኝ። «የምትችለዋን» አለችና ትርሲትን ጠራቻት።

ትርሲት ልጇን ታቅፋ ከእኔ ጋር ሱቁ ሄደች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ሳትጎትት፣ አገጯን ቀና አድርጋ ሁሉንም ነገረችው፤ ሁለቱንም ክኒን፣ ነርሷን፣ የእኔን ቤት ሣጥን። ያችንም ቃል በበርበሬው ጆንያዎች መሐል ጥርት አድርጋ አለቻት። እኔ ሰማይ ላይ ልሸሽ ብል ሱቁ ጣሪያ አለው። ጋሽ ደምሴ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌ ተረግጧል።

«እንግዲያ ሽምግልናችን ከንቱ ነበራ» አለ።

«አይደለም ጋሼ» አለችው ትርሲት። «ሽምግልናው ባይኖር ሙሌ በዚያው ቀን ይሄድ ነበር። ሽምግልናው እሱን ያዘልኝ፣ መድኃኒቱ እኔን አዳነኝ። አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር። እርስዎም አንዱ ብቻውን አይበቃዎትም። ማኅሌት አያት ያስፈልጋታል።»

ጋሽ ደምሴ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከመሳቢያው የተወውን መድኃኒት አወጣ። ትንሽ ሲያሰላ ቆየ፤ ፊቱም እየበራ ሄደ።

«እንግዲያስ ግማሹ የእኛ ነው» አለና ክኒኑን ዋጠው። ሙሉውን።